የአደይ ሜዳ በካርቶን ላይ፦ ለአፀደ ሕፃናት ክፍል የቅይጥ ቁሳቁስ ሥዕል አሠራር

በብዙ የአፀደ ሕፃናት ክፍሎች የሥዕል ክፍለ ጊዜ የሚያልፈው መምህርቷ በሰሌዳው ላይ የሳለችውን ቤት ወይም አበባ ሕፃናቱ በእርሳስ ገልብጠው በከለር ሲሞሉት ነው። ይህ ልምምድ እጅን ለጽሕፈት ማዘጋጀቱ አይካድም፤ ነገር ግን አርባ ልጆች አርባ አንድ ዓይነት አበባ ይዘው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ቀለም፣ ወረቀት፣ ጨርቅ፣ ክር፣ አፈርና ጭድ በአንድ ሥዕል ላይ ተደራርበው ሲሠሩ ግን ሁኔታው ይለወጣል፤ አንድ ጭብጥ ጭድ ከሰሌዳ ላይ ሊገለበጥ ስለማይችል፣ እያንዳንዱ ልጅ እጁ ላይ የገባውን ነገር እያየና እየዳሰሰ የት እንደሚያኖረው ራሱ መወሰን ይኖርበታል።

ሥራው የተሳካ እንዲሆን አንድ የሥራ ክፍፍል መጠበቅ አለበት፦ የቁሳቁሱን ቅደም ተከተል መምህሩ ይወስናል፣ የሥዕሉን ይዘት ሕፃኑ ይወስናል። ቅደም ተከተሉ ለሕፃናቱ ከተተወ ቀለሙ ይጨማለቃል፣ ጭዱ ይረግፋል፣ ካርቶኑ ይጠማዘዛል፤ ልጁም የደከመበት ነገር በእጁ ላይ ሲበላሽ አይቶ ተስፋ ይቆርጣል። ይዘቱን መምህሩ ከወሰነው ደግሞ ያ ሁሉ ቁሳቁስ የተሰበሰበው የሰሌዳውን አበባ በሌላ መንገድ ለማስገልበጥ ብቻ ይሆናል። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው ከ30 እስከ 40 ደቂቃ በሚወስዱ አራት ክፍለ ጊዜያት ይጠናቀቃል። በየክፍለ ጊዜው መካከል ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ለመድረቂያ መተው ያስፈልጋል።

ርዕሱን የአደይ አበባ ሜዳ ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረም ወር አደይ በየመንገዱ ዳርና በየሜዳው ይፈነዳል፤ ልጆቹም በእንቁጣጣሽ አበባና ፀሐይ ስለው ለጎረቤት የማበርከትን ልማድ ከታላላቆቻቸው ስለሚያዩ፣ ስለ ሥዕሉ ጉዳይ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። በሌላ ወቅት ለሚሠራ የጤፍ ማሳ፣ የባሕር ዛፍ ጥላ ወይም የሰፈር ገበያ በዚሁ አሠራር ሊሠራ ይችላል።

አስቀድሞ የሚዘጋጀው

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ነጭ ወረቀትና ከወረቀቱ በየጠርዙ ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ አንድ የካርቶን ቁራጭ ያስፈልጋል። ከሱቅ የሚገኝ የብስኩት ወይም የፓስታ ካርቶን በቂ ነው። ካርቶኑን የሚቆርጠው መምህሩ ወይም ረዳቱ ይሁን፣ ያውም ልጆቹ በሌሉበት ሰዓት፤ ለዚህ የሚያገለግለው ቢላዋ ወደ ክፍል መግባት የለበትም። የልጁ ስም ከምንም ነገር በፊት በወረቀቱም በካርቶኑም ጀርባ ላይ ይጻፍ። ሥራው ከተጀመረ በኋላ እርጥብ ሥዕል እየገለበጡ ስም መጻፍ አይቻልም፤ ሥዕሉ የጠፋበትን የአራት ዓመት ልጅ ማጽናናትም ቀላል አይደለም።

ለማጣበቂያ የዱቄት ሙጫ ከማንኛውም የተገዛ ነገር ይሻላል፤ ርካሽ ነው፣ ወደ አፍ ቢገባም አያሰጋም፣ ከልብስም በውሃ ይለቃል። አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ እብጠት እስከማይኖረው ድረስ ይበጠበጣል። በሌላ ድስት ሦስት ኩባያ ውሃ ሲፈላ ብጥብጡ እየተማሰለ ይጨመርበትና፣ ጠቆር ብሎ የሚያሳልፍ መልክ እስኪይዝና እንደ ቀጭን ገንፎ እስኪወፍር ድረስ ለጥቂት ደቂቃ ይበስላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ቢገባበት የመሻገት ጊዜውን ያዘገየዋል። ክዳን ባለው ዕቃ በቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ያገለግላል፤ መኮምጠጥ ከጀመረ ግን ጥሎ ሌላ መሥራት ይሻላል። ዕድሜውን ለማራዘም ብሎ በረኪና መጨመር ፈጽሞ አይገባም። ሙጫው ወረቀትን፣ ስስ ጨርቅንና ክርን በደንብ ይይዛል፤ ቁልፍን፣ እንጨትንና ሌላ ከበድ ያለ ነገርን ግን ስለማይችል ለእነዚያ ጥቂት ነጭ ኮላ መያዝ ያስፈልጋል።

ከቀለሞቹ አብዛኞቹ ከማጀት ይገኛሉ። ሁለት የሻይ ማንኪያ እርድ በአንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ተበጥብጦ፣ ዝቃጩ ከረጋ በኋላ በጨርቅ ሲጠለል የጠራ ቢጫ ይወጣዋል። የቡና አተላ ተጨምቆ ቡናማ፣ የቀይ ሥር ውሃ ሐምራዊ የሚቃጣው ቀይ፣ በደንብ የደቀቀ ከሰል ከሙጫ ጋር ተለውሶ ጥቁር ይሆናል። እርድም ቀይ ሥርም ፀሐይ ሲያገኛቸው እንደሚደበዝዙ ግን መታወቅ አለበት። ሰማያዊ ከማጀት ስለማይገኝ፣ ትምህርት ቤቱ ከገበያ አንድ ቀለም ብቻ የመግዛት አቅም ካለው ያ ቀለም ሰማያዊ ይሁን። እርድ ከልብስ ስለማይለቅ፣ የአባት ወይም የታላቅ ወንድም አሮጌ ሸሚዝ ቁልፉ ወደ ኋላ ዞሮ እንዲለበስ ከቤተሰብ አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

ሌላውን ቁሳቁስ ለመሰብሰብ አንድ ሳምንት በቂ ነው። ከልብስ ሰፊ ቤት ቁርጥራጭ ጨርቅና የክር ትርፍራፊ፣ ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ፣ ከየቤቱ የደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ከክፍሉ ራሱ ደግሞ የእርሳስ ቅራፊ ይገኛል። የእርሳስ ቅራፊ ብዙ ጊዜ ከመጥረጊያ ጋር ይጣላል እንጂ፣ ጠርዙ የተጠማዘዘና ቀለም የነካው በመሆኑ ከሁሉም የተሻለ አበባ የሚሆነው እሱ ነው። እህልን በሚመለከት አንድ አቋም አለኝ፦ ምስርና በቆሎ በሙጫ ለጥፎ ማስጌጥ በብዙ መመሪያዎች ቢመከርም፣ እህል መሬት ላይ ሲወድቅ አንሥተው እንዲስሙ ተነግሯቸው ላደጉ ልጆች በክፍል ውስጥ የተለየ ነገር ማስተማር ተገቢ አይመስለኝም። ገለባው፣ ልጣጩና ቅርፊቱ ለሥዕል የሚሆን በቂ መልክ አለው። ለሙጫ የምትውለውን ጥቂት ዱቄት በተመለከተም ለምን እንደዋለች ለልጆቹ መንገር ይገባል።

ወደ ክፍል መግባት የሌለባቸው ነገሮችም አሉ። የጉሎ ፍሬ ነብርማ መልኩ ሕፃናትን ይማርካል፤ ይሁን እንጂ ታኝኮ ቢዋጥ ለሞት ሊያደርስ የሚችል መርዝ ያለው ስለሆነ ለጌጥ አይውልም። ከአጥር ሥር ቅጠል ሲለቀም ከቅንጭብ መራቅ ያስፈልጋል፤ ነጭ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቆስላል። ኖራ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል። ካረጀ ባትሪ ድንጋይ የሚወጣው ጥቁር ዱቄትም፣ ጥቁረቱ ምንም ያህል ቢያምር፣ ሕፃን በእጁ የሚነካው ነገር አይደለም፤ ከሰል ይበቃል። ክፍሉ ውስጥ ነገር ሁሉ ወደ አፉ የሚወስድ ልጅ ካለ ቁልፍና ዶቃም ይቅር።

የአደይ አበባውን ራሱን ማድረቅ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት መጀመር አለበት። ልጆቹ ከለቀሙ በኋላ አበባው በጋዜጣ ገጾች መካከል ተዘርግቶ ከባድ መጽሐፍ ይጫንበታል፤ ጋዜጣው በየሁለት ቀኑ ቢቀየር እርጥበቱ ቶሎ ስለሚወጣ ቢጫው ይቆያል። ያልደረቀ አበባ በሙጫ ከተለጠፈ በማግስቱ ይኮማተራል፣ ይጠቁራልም።

አንደኛው ቀን፦ ሻማና ቀለም

ወረቀቱ ከታች ካለው ሢሶ ላይ አንድ ጊዜ ታጥፎ ይዘረጋል። ከእጥፋቱ በላይ ያለው ሰማይ፣ በታች ያለው መሬት እንደሚሆን ለልጆቹ ይነገራቸው። እያንዳንዱ ልጅ ቁራጭ ነጭ ሻማ ይዞ ከእጥፋቱ በላይ የፈለገውን ይስላል፤ ዝናብ፣ ደመና፣ ወፍ ወይም ዝም ብሎ መስመር ሊሆን ይችላል። ሻማው ከእጥፋቱ በታች እንዳይወርድ የሚደረገው በሁለተኛው ቀን የሚመጣው ጭቃ ሰም ላይ ስለማይጣበቅ ነው። ለልጆች ይህን ምክንያት መንገር ከመከልከል ይበልጣል፤ ምክንያቱን ያወቁ ልጆች ድንበሩን እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ።

ነጭ ሻማ በነጭ ወረቀት ላይ ምንም ስለማይታይ አንዳንዱ ልጅ ምንም እንዳልሣለ ቆጥሮ «ቲቸር፣ አይሠራም» ማለቱ አይቀርም። መምህሩ ተቻኩሎ ማብራሪያ መስጠት የለበትም፤ ጠንከር አድርጎ እንዲጫን ብቻ ይንገረው። ከዚያ ቀጥኖ የተበጠበጠው ሰማያዊ ወይም የእርዱ ውሃ በሰፊ ብሩሽ ወይም በጨርቅ ቁራጭ ይቀባል። ውሃው በወረቀቱ ላይ እየተስፋፋ ሄዶ ሻማው ያለፈበት ቦታ ሲደርስ ወደ ግራና ቀኝ ይሸሻል፣ በመስመሩ ላይም ትናንሽ ጠብታ ሆኖ ይቆማል፤ ያልነበረ የመሰለው ዝናብ ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። በዚህ ጊዜ ክፍሉ ይንጫጫል፤ መንጫጫቱም ይፈቀድ። ሰም ውሃን እንደማያስገባ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አይገኝም።

እርድ የቀቡ ወረቀቶች ገና እርጥብ ሳሉ አንድ ተጨማሪ ሙከራ ማድረግ ይቻላል። የጥጥ ቁራጭ በሳሙና ውሃ ተነክሮ ቢጫው ላይ ነካ ነካ ሲደረግ ቀለሙ ወዲያው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። ልጆቹ ይህን ካዩ በኋላ ፀሐይ የሚስሉበት ቦታ ራሱ ይለያያል። በዚሁ ቀን ጥቂት ተጨማሪ ወረቀቶችን በእርድ ነክሮ ማድረቅ ለሦስተኛው ቀን ቢጫ ወረቀት ያዘጋጃል።

ማታ መምህሩ የደረቁትን ወረቀቶች ካርቶኑ ላይ በሙጫ ይለጥፋል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፦ ካርቶን በአንድ በኩል ብቻ ሙጫ ሲቀባ፣ ሙጫው እየደረቀ ሲሸበሸብ ወደዚያው ወገን ይጎብጣል። ስለዚህ በጀርባውም በኩል አንድ ገጽ ጋዜጣ ተለጥፎ፣ ስሙ እንደገና ከላይ ተጽፎ፣ ሁሉም ተደርድረው ክብደት ተጭኖባቸው ይደሩ። በየሁለቱ መካከል የላስቲክ ወረቀት ካልገባ እርስ በርስ ይጣበቃሉ።

ሁለተኛው ቀን፦ ጭቃና ጭድ

ይህ ቀን ከአራቱ እጅግ የበለጸገው ስለሆነ ጊዜ አይሰሰትበት። አፈሩ ቆሻሻ ከማይጣልበት ቦታ ተቆፍሮ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ በወንፊት ተነፍቶ ይቀርባል። ቀይ አፈር ካለ ቀይ፣ ዋልካ ካለ ጥቁር፤ ሁለቱም ከተገኙ ለየብቻ ይቀመጡ። ለሁለት ኩባያ አፈር አንድ ኩባያ የዱቄት ሙጫና አንድ ጭብጥ የጤፍ ጭድ ይበቃል። ልኬታውን የሚሰፍሩትም የሚያቦኩትም ልጆቹ ራሳቸው ይሁኑ።

ማቡካቱ ከመለጠፉ ያላነሰ ዋጋ አለው። ልጁ መጀመሪያ በሁለት ጣቱ ብቻ ይነካዋል፤ ከዚያ መዳፉን ያስገባል፤ ጭዱ በጣቶቹ መካከል ሲያልፍ ይሰማዋል፣ ጭቃውም ቀስ በቀስ ከእጁ ላይ መላቀቅ ይጀምራል። አንዳንድ ልጅ ጭቃ መንካት ጨርሶ አይፈልግም። አይገደድ፤ እንጨት ወይም ማንኪያ ይሰጠው፤ ብዙውን ጊዜ ጓደኞቹን እያየ ራሱ ይመጣል። እጁ ላይ ቁስል ያለው ልጅ ግን አፈር እንዳይነካ ሌላ ድርሻ ይሰጠው። ጭድ የመቁረጥና የመለካት ሥራም ክብር ያለው ሥራ ነው።

ሊጡ ከእጥፋቱ በታች በእጅ ይለጠፋል። ውፍረቱ ከሦስት ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ መምህሩ እየዞረ ያሳስብ፤ ወፍራም ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ እርጥበቱም ውስጡ ታፍኖ ስለሚቀር ይሻግታል። በመስከረም መጀመሪያ ዝናቡ ገና ጨርሶ ስላልወጣ መድረቂያው ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ጭቃው ገና ለስላሳ ሳለ ልጆቹ በላዩ ላይ ስንደዶ እየሰኩ ሣር ማቆም፣ በእርሳስ ጫፍ መንገድ ማስመር፣ በሹካ እርሻ ማረስ ይችላሉ።

ጭድ ጭቃን ለምን እንደሚይዝ ለልጆች ማሳየት ቀላል ነው። ከጭድ ጋር የቦካና ያለ ጭድ የቦካ ሁለት ትናንሽ ቂጣ ተሠርተው በመስኮት ላይ ይቀመጡና ሲደርቁ የትኛው እንደተሰነጠቀ ልጆቹ ራሳቸው ይፍረዱ። የጭቃ ቤት ውስጥ የሚኖር ልጅ በዚህ ሰዓት ብዙ የሚናገረው ይኖረዋል፤ ጭቃ ሲቦካና ግድግዳ ሲመረግ ያየ ልጅ ከመምህሩ ይልቅ ሊቅ ነውና ዕድሉ ይሰጠው። አዲስ አበባ መካኒሳ አካባቢ የሚገኘውና በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ግድግዳዎቹ በጭቃና በጭድ የተሠሩ፣ በላያቸውም ጌጥ የተቀረጸባቸው ናቸው። በከተማው ያሉ ትምህርት ቤቶች ልጆቻቸውን ወስደው ቢያሳዩ፣ ወይም የግድግዳዎቹን ፎቶግራፍ ብቻ እንኳ ክፍል ቢያመጡ፣ ልጁ እጁ ላይ ያለው ጭቃ የጥበብ ቁሳቁስ መሆኑን ያለ ብዙ ንግግር ይረዳል።

ሦስተኛው ቀን፦ አበቦቹ

ቁሳቁሱ በየዓይነቱ በትሪ ላይ ቀርቦ በጠረጴዛው መካከል ይቀመጣል፤ በእርድ የተነከረው ወረቀት፣ ቢጫና ነጭ ጨርቅ፣ ክር፣ የእርሳስ ቅራፊ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ሰጋቱራ። ከሥራው በፊት እያንዳንዱ ቡድን አንድ የደረቀ ወይም ትኩስ አደይ ይዞ ይመልከት፣ ስንት ቅጠል እንዳለው ይቁጠር፣ መሐሉ ከዳሩ በምን እንደሚለይ ይናገር። ከዚያ አበባው ከጠረጴዛው ይነሣ። እፊታቸው ከቆየ ይገለብጡታል፤ ከተነሣ ግን የሚያስታውሱትን ይሠራሉ።

የአራት ዓመት ልጅ ወረቀት በእጁ ይቅደድ፤ መቀስ ከአምስት ዓመት ገደማ ጀምሮ፣ ጫፉ ዱልዱም የሆነው ይበቃል። በእጅ የተቀደደ ወረቀት ጠርዙ ለስላሳ ስለሆነ ለአበባ ቅጠል ከተቆረጠው ይልቅ ያምራል፤ ስለዚህ ትልልቆቹም ቢቀድዱ መልካም ነው። አስቀድሞ የተቆረጠ አበባ ማደል ግን ሥራውን ከልጁ መንጠቅ ነው። ሙጫው በልጁ ጣት፣ በሚለጠፈው ነገር ላይ ሳይሆን በሚለጠፍበት ቦታ ላይ ይቀባ፤ ትንሽ ቁራጭ ወረቀት ሙጫ ከተቀባ ጣት ላይ ተጣብቆ እንቢ ስለሚል ልጁን ያበሳጨዋል። ለእያንዳንዱ ልጅ እርጥብ ጨርቅ አጠገቡ ቢቀመጥ ግማሹ ችግር ይወገዳል።

የደረቀው አደይ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ ይሰጥ። በጣት ሳይነካ ሙጫው ላይ በቀስታ ተቀምጦ ከላዩ በወረቀት ይጫን። አንዱ ልጅ መሬቱ ላይ ይተክለዋል፣ ሌላዋ ሰማይ ላይ ፀሐይ ታደርገዋለች፣ ሌላው ደግሞ እናቱ ፀጉር ላይ ይሰካዋል። ሦስቱም ልክ ናቸው።

አራተኛው ቀን፦ መስመርና ንግግር

ሁሉም ከደረቀ በኋላ ልጆቹ በከሰል ቁራጭ ወይም በጥቁር ቀለም የጎደለ የመሰላቸውን ይጨምራሉ፤ ግንድ፣ ሰው፣ በግ፣ የስማቸው ፊደል። መስመር መጨረሻ ላይ የሚመጣው ልጁ መጀመሪያ ከሣለ በኋላ የሚለጥፈው ሁሉ መስመሩን መሙያ ብቻ ስለሚሆንበት ነው። አሁን ግን ቁሳቁሱ የሰጠውን መልክ አይቶ በሚፈልገው መንገድ ያሟላዋል።

በዚህ ሰዓት የመምህሩ ንግግር ይመዘናል። «ጎበዝ» ማለት ልጁን ደስ ያሰኘዋል እንጂ ወሬውን እዚያው ይዘጋዋል፤ «ይሄ ምንድን ነው?» የሚለው ደግሞ ሥዕሉ ያልገባው ሰው ጥያቄ ነው። ያዩትን መናገር ይበልጣል፦ «ጭዱን እዚህ ጋ ብዙ አድርገሻል፣ እዚያ ጋ ግን የለም»፣ «ይህን ጨርቅ እንዴት እንደዚህ አድርገህ አጠፍከው?» ብሎ መጠበቅ። ልጁ የሚናገረውን በእሱ ቃል በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ከሥዕሉ ጀርባ መለጠፍ ለወላጅም ለልጁም የማይገኝ ስጦታ ነው። ስለ ሥዕሉ መናገር የማይፈልግ ልጅ ዝም ይበል።

ብዙ ልጅ ላለበት ክፍል

አምሳ ልጅ ባለበት ክፍል ሁሉም በአንድ ጊዜ ጭቃ ሊያቦካ አይችልም። ክፍሉ በአምስት ወይም በስድስት ቡድን ተከፍሎ አንዱ ቡድን ከመምህሩ ጋር በሥዕሉ ላይ ሲሠራ፣ ሌሎቹ በረዳት ወይም በራሳቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ሥራ ይሰጣቸው፤ ወረቀት መቅደድ፣ ጨርቅ በቀለም መለየት፣ ክር መጠቅለል፣ ለሦስተኛው ቀን የሚያስፈልገውን ማዘጋጀት። ረዳት ከሌለ እያንዳንዱ «ቀን» አንድ ሳምንት ይሁን፣ በየቀኑ አንድ ቡድን ይሥራ፤ ለመድረቂያም የተሻለ ጊዜ ይገኛል። ውሃ በክፍሉ ከሌለ አንድ ባልዲ ለመታጠቢያ፣ አንድ ባልዲ ለማለቅለቂያ ከሳሙና ጋር በሩ ላይ ይቀመጥ። የጭቃው ውሃ ግቢው ውስጥ ይደፋ እንጂ ወደ መታጠቢያ ቱቦ አይግባ፤ ይደፍነዋል።

ስድስት ዓመት ለሞላቸውና ለሚቀጥለው ሥራ ለተዘጋጁ ልጆች በክርና በቁልፍ የሚሠራ ሌላ ሥዕል መጀመር ይቻላል። መምህሩ ካርቶኑን በወስፌ አስቀድሞ ይበሳል፤ ልጆቹ ደግሞ ጫፉ በፕላስተር የተጠቀለለ ክር እያስገቡና እያወጡ መስመር ይሠራሉ፣ በመንገዱም ላይ ቁልፍና የጨርቅ ቁራጭ ይሰፋሉ። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ በክር፣ በቁልፍ፣ ከተጣሉ ኮምፒውተሮችና ስልኮች በወጡ ሽቦዎችና ቁርጥራጮች ግዙፍ ሥዕሎችን እንደሚሠራ በፎቶግራፍ ቢያዩ ይበረታታሉ። የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭን ራሱን ግን ለሕፃናት አለመስጠት ነው፤ ስለት አለው፣ ንጽሕናውም አይታወቅም።

የተጠናቀቁት ሥዕሎች በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ፣ በልጁ ዓይን ትክክል እንጂ በአዋቂ ቁመት አይሰቀሉ። ቀጥተኛ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ መራቅ አለባቸው። ጭቃው የመርገፍ ምልክት ካሳየ ነጭ ኮላ በሁለት እጥፍ ውሃ ቀጥኖ በብሩሽ በላዩ ቢቀባ ይይዘዋል። ወደ ቤት ሲላኩ ተነባብረው ሳይሆን እያንዳንዱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ሥዕሉ ወደ ላይ ሆኖ በሁለት እጅ እንዲያዝ ለሚረከበው ወላጅ ይነገረው።